ትከሻ ላይ የቀሩ ጣቶች

የሰፈሩ ሰው «እትዬ ላጲስ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፤ እሷም መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ለመደችው፣ በመጨረሻ ሌላ ስም ቢጠሯት ዞር የማትል ሆነች። ሥራዋ ከፎቶግራፍ ላይ ማጥፋት ነው። ብጉር ታጠፋለች፤ ጠባሳ ታጠፋለች፤ ከሙሽሮች ጀርባ የተወጠረን የልብስ ማስጫ ገመድ ከነካልሲው ታጠፋለች። የታወቀችበት ግን ሰው በማጥፋት ነው። የተፋታ ባል፣ የተኳረፈ ወንድም፣ ጓደኛ መስሎ የከዳ ጓደኛ። «ይሄን ሰውዬ አንሺልኝ» ይሏታል። እሷም መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ገፋ ታደርግና «እስከ የት ድረስ?» ትላለች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እስከ ጫማው።

ከዚያ ትቀመጣለች። ሰውየው የቆመበትን ቦታ ከጎኑ ባለው መጋረጃ፣ ከጎኑ ባለው ቅጠል፣ ከጎኑ ባለው ግድግዳ ትሞላዋለች። ስትጨርስ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ነበር ብትሏት የወለደችው እናት እንኳ ትጠራጠራለች።

ከወንድሟ ሌላ ማንም የማያውቀው ግን አንድ ምስጢር ነበራት። እትዬ ላጲስ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አጥፍታ አታውቅም።

የምትሠራበት አሮጌ ፕሮግራም ፎቶን እንደ ስስ መስታወት ያነባብራል፤ አንዱን መስታወት ሌየር ይሉታል። በእያንዳንዱ ሌየር አጠገብ አንዲት ትንሽ ዓይን አለች። ዓይኗን ስትነኳት ትጨፈናለች፣ ሌየሩም ከነሰውየው ይሰወራል እንጂ አይሞትም። ሥራውን አንድ ብለው ሲጀምሩ ወንድሟ የነገራት ይህንኑ ነበር፦ «የሰው ፊት አይጣልም፣ እህቴ። ዓይኑን ጨፍኚለትና ይተኛ።» ስለዚህ በኋለኛው ክፍል፣ በዚያ ግራጫ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ፣ የአንድ ሰፈር ሙሉ ያልተፈለገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል። አንዳንድ ቀን ማሽኑ ሲያጉረመርም እነሱ የሚገላበጡ ይመስላታል።

ስቱዲዮው ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ሰማይ የተሳለበት ሸራ፣ አንድ በርጩማና አንድ መስተዋት አለ። የመስተዋቱ ማበጠሪያ በገመድ ታስሯል፤ ደንበኛ ተበጥሮ ኪሱ እየከተተ ሲያስቸግር ያሰረው ወንድሟ ነው። በኋለኛው ኮምፒውተሩ፣ ማተሚያውና ጎን ለጎን የተደረደሩ ሁለት ወንበሮች አሉ። የግራው የእሷ ነው። የቀኙ የእሱ ነበር። እሷ በማውስ፣ እሱ ደግሞ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚነዳ የኮምፒውተር ብዕር፣ ተራ በተራ ይሠሩ ነበር። ሲሠራ ያንጎራጉራል፤

ሄደ አትበሉኝ፣ መች ሄደ ከቤቱ፣

ይልና ይተወዋል። ሁለተኛውን ስንኝ የሚያወጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። «የግጥሙን ቤት ሳልጨርስ ሥራዬን እንዳልተው ነው» ይላል። እሷ ሳህን እያጠበች፣ መንገድ ላይ እየሄደች፣ ያችን የተንጠለጠለች ስንኝ ስትጠብቅ ግማሽ ዕድሜዋ አለፈ።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ያችን መጀመሪያ አለ፣ መጨረሻዋን ሳይል ቀረ። ሐኪሙ «ልቡ ባልታወቀ ምክንያት ሥራዋን አቁማለች» አላቸው። ከዚያ ወዲህ የቀኙ ወንበር ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። የወንድሟ ልጅ እንኳ፣ አሁን ፎቶ የምታነሳው፣ አባቷ «ፍላሽ» እያለ ያሳደጋት የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ስትመጣ የወረቀት ካርቶን ገልብጣ ነው የምትቀመጠው። ብዕሩም ከነሰሌዳው ከነሽቦው እንደተሰካ አለ። ሰማያዊ መብራቱ ጠዋት ከኮምፒውተሩ ጋር ይበራል፣ ሥራ ሲያልቅ ይጠፋል። አቧራውን የምትጠርገው እሷ ነች፤ በብሩሽ፣ ሳትነካው።

አሁን ወደ ቅዳሜው ጉድ እንምጣ።

ኮምፒውተሩ «ሲስተሙን ላድስ?» እያለ ሲጠይቅ ስምንት ወር ሆኖታል። እትዬ ላጲስ ስምንት ወር ሙሉ «በኋላ» ስትለው ከረመች። ቅዳሜ ለምሳ ወጥታ ስትመለስ ነጭ ስክሪን ላይ ክብ ነገር ይሽከረከራል፤ ፍላሽ ደግሞ ካርቶኗ ላይ ሆና ጥፍሯን ትበላለች።

«ምን አደረግሽው?»

«እሺ አልኩት።»

«ማንን ጠይቀሽ?»

«ኧረ አክስቴ! ጠይቆ ጠይቆ አሳዘነኝ እኮ። ሰው እንኳ ስምንት ወር ቢለምንሽ…»

ኮምፒውተሩ ታድሶ፣ አጊጦ፣ መስኮቶቹ ጥጋቸው ክብ ሆኖ ተነሳ። አሮጌውን ፕሮግራም ስትከፍተው የመክፈቻ ሥዕሉ ብቅ አለ። ከሥዕሉ ግርጌ፣ እንደወትሮው፣ የሚቀሰቅሳቸውን ክፍሎች ስም በደቃቅ ፊደል እየጠራ መሮጥ ጀመረ። ድንገት ሁሉም ድርግም አለ። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ ቀረች፦ «ፕሮግራሙ ባልታወቀ ምክንያት ሥራውን አቁሟል።»

እትዬ ላጲስ ደረቷን ያዘች። ያን ዓረፍተ ነገር ታውቀዋለች።

ከዚያ የባሰው ደግሞ ቀስቷ ነበረች፤ ማውስ ሲነካ የምትሄደዋ ያች ነጭ ቀስት። ማንም ሳይነካት ከስክሪኑ መሃል ተነሳች። ቀስ እያለች፣ እንደ ታማሚ እየተንቀጠቀጠች፣ ወደ ላይ ወደ ግራው ጥግ ሄደችና ቆመች። በጠረጴዛው ላይ የብዕሩ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ወደ ቀኙ ወንበር ዞሩ።

ሰኞ ረፋድ ላይ መምህሩ መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ኮታቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ብብታቸው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። እትዬ ላጲስ ገና በሩ ላይ ሳሉ አወቀቻቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ልጃቸውን ከቤተሰብ ፎቶ ላይ አስጠፍተዋት ነበር።

«ደኅና ነዎት መምህር? ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ፎጣውን ፈቱና በፍሬም ያለውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። እሳቸውና ባለቤታቸው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው መጋረጃ ብቻ። መምህሩ ከደረት ኪሳቸው እርሳስ አውጥተው፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚያሳይ ሰው፣ የባለቤታቸውን ግራ ትከሻ ጠቆሙ።

«እዚህ ጋ ምን ይታይዎታል?»

«ነጠላ… አይ፣ የሻርፕ እጥፋት።»

«በደንብ ይዩ።»

ማጉያ መነጽሯን አወጣች። አጎነበሰች። አራት ጣቶች። ከሻርፑ እጥፋት ጋር ተመሳስለው፣ ክንድ የሌላቸው፣ ባለቤት የሌላቸው አራት ጣቶች የሴትየዋን ትከሻ ይዘዋል።

«እኔ እጅ አልረሳም!» አለች፤ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ ብሎ ፍላሽን ከፊተኛው ክፍል አስመጣት። «ጥላ እንኳ አልረሳም!»

«ረስተዋል» አሉ መምህሩ በቀስታ። «በቁጣ አይደለም የምነግርዎ። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ እኔም አላየሁትም። የስንቱን ደብተር ስህተት የለቀምኩ ሰው! ባለቤቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አይታዋለች። አቧራ ስትጠርግ እየዳበሰችው ኖራለች፤ ለእኔ አልነገረችኝም። የነገረችኝ አሁን ነው።»

«ልጅዎ…»

«ከሞተ ሁለት ዓመቱ። መንገድ ላይ፣ መኪና ተገልብጦ።» እርሳሱን ወደ ኪሳቸው ለመመለስ ሞከሩ፤ ኪሱን ሳቱት። «ትምህርቱን ጥሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆነብኝ። ቁጥር ያስተማርኩት ልጅ ጎማ ሊቆጥር ሄደ ብዬ ፎቶውን ሁሉ ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አንድ አልተረፈም።»

«ጓደኞቹ ጋ አይጠፋም እኮ» አለች ፍላሽ።

«ጓደኞቹን አላውቃቸውም፣ ልጄ። ስማቸውን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።»

ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ።

«ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ቀዶ ጥገና ትገባለች። ልቧን ነው። 'እጁን የተወችው ሴትዮ የቀረውንም አስቀምጣው ይሆናል፤ ሂድና አምጣልኝ። ፊቱን ሳላይ አልገባም' አለችኝ። ደግሞ አልገባም ካለች አትገባም፤ አርባ ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። የጠፋ ነገር እንደማይመለስ…»

«አላጠፋሁትም» አለች እትዬ ላጲስ።

ሃያ ሁለት ዓመት የተጠበቀ ምስጢር በአንዲት ቃል ወጣ። መምህሩ ቀና ብለው አዩዋት።

«ያጥፉት ብዬዎት ነበር።»

«ብለውኛል።»

«አልታዘዙኝም።»

«አልታዘዝኩዎትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ያኔ ፍላሽ ከፊተኛው ክፍል ባመጣችላቸው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ችግሩ ልጅዎን ያስተኛሁበት ፕሮግራም ታሟል። ከቅዳሜ ጀምሮ አልነሳ ብሏል።»

«እስከ ሐሙስ ይድናል?»

ምን ትበላቸው? «እንሞክራለን» አለች፤ ልክ ሐኪሞች እንደሚሉት።

ማክሰኞ ጎረቤት የስልክ ጠጋኙ መጣ። ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው ነው፤ እሱም ስሙን አምኖ ነጭ ጋውን ይለብሳል። ፕሮግራሙን አምስት ጊዜ ከፈተው፣ አምስት ጊዜ ሞተበት። በድሮው ሲስተም ላይ ያለ እንዲመስለው አድርጎ ከፈተው፤ ሞተ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ እኔ ሳልወለድ የወጣ ነው።»

«ተወልደሃል። ጥርስህ ግን አልተነቀለም ነበር።»

«እሺ ወደ ድሮው ሲስተም እንመልሰዋ። ከታደሰ በኋላ ለጥቂት ቀን አሮጌው ይቀመጣል፤ ቀላል ነው።» ፈለገ። አጣው። «ማነው ያጠፋው?»

ፍላሽ ጣሪያውን አየች። «ቦታ ልቆጥብ? አለኝ…»

«እና እሺ አልሽው!» አለች አክስቷ።

«ጨዋ ነው እኮ! ሲጠይቅ ደስ ይላል!»

ዶክተር ፋይሉን በአዲስ ፕሮግራም ከፈተው። ተከፈተ፤ ግን አዲሱ የሚያየው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ መጋረጃ፣ አራት ጣቶች። «በቃ ይሄው ነው ያለው» አለ። «አሮጌውን ቅበሩትና አዲስ ልጫንላችሁ።» እትዬ ላጲስ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ሥራዋን ትኮራበት ነበርና የጣቶቹ ነገር እንደ እሾህ ተሰንቅሮባታል። እንዴት ረሳሁ? ያን ቀን ምን ሆኜ ነበር? ደግሞ ቀስቷ ከፊቷ፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ወደ ግራው ጥግ ትሄዳለች፤ ትንቀጠቀጣለች፤ የሆነ ነገር ልታሳይ የምትሻ ይመስል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለቻት በመጨረሻ፤ ቀስቷን እንደ ወንድ አናግራ። ከዚያ ራሷን ሰምታ ደነገጠች።

ረቡዕ ጠዋት፣ መጋረጃውን ከፍታ፣ ፕሮግራሙን እንደገና ከፈተችው። ሞተ። እንደገና። የፀጉርን ስንጣቂ ከፎቶ ላይ ስትለቅም የኖረች ዓይን ነው ያላት፤ በአራተኛው ላይ አንድ ነገር አየች። ሁልጊዜ የሚሞተው ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው። የሚሮጡት ስሞች አንዲት አጭር ስም ላይ ሲደርሱ።

«ፍላሽ! ስልክሽን አምጪ። ቅረጪው።»

ፍላሽ ቀረጸችው፣ አዘግይታም አጫወተችው። ስሞቹ አንድ በአንድ አለፉ፤ ፊደላቱን የሚጠራው፣ ቀለማቱን የሚጠራው፣ ማተሚያውን የሚጠራው። የመጨረሻዋ ላይ ፍላሽ ጣቷን አሳረፈች።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ብዕሩን ነው፣ አክስቴ። የአባዬን ብዕር ነው የሚጠራው።»

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ብዕሩን ለኮምፒውተሩ የሚያስተዋውቅ አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። እሱም አርጅቷል፤ ከአዲሱ ሲስተም ጋር መግባባት አቅቶታል። ቀስቷን የሚያንቀጠቅጣት እሱ ነው። አሮጌው ፕሮግራም ደግሞ በተነሳ ቁጥር ብዕሩን ይጠራል፣ መልስ ይጠብቃል፣ መልሱ ሲዘበራረቅበት ይወድቃል። ሁሉም ምክንያት አለው ማለት ነው። እትዬ ላጲስ ግን የሰማችው ሌላ ነው፤ ማሽኑም እንደሷ አራት ዓመት ሙሉ ያን እጅ ሲጠራ መኖሩን።

ሽቦውን ነቀለችው። ሰማያዊው መብራት ጠፋ። ፕሮግራሙ ግን እንደገና ወደቀ፤ ትንሹ ፕሮግራም ራሱ ካልተነሳ አይሆንም። ፍላሽ ፈልጋ አገኘችውና «አስወግድ» የሚለውን ነካች። ኮምፒውተሩም፣ ጨዋው፣ ጠየቀ፦ «የተጠቃሚው የእጅ ቅንብር አብሮ ይጠፋል። ይቀጥል?»

«የእጅ ቅንብር ምንድን ነው?»

«አባዬ ብዕሩን ሲገዛ ያስተማረው። ምን ያህል እንደሚጫን፣ የቱ ጋ እንደሚያቀል። አውራ ጣቱ ልጅ ሆኖ ተሰብሮ የለ? ወደ ቀኝ ይከብድ ነበር።» ፍላሽ ከካርቶኗ ተነሳች። «የእጁ ክብደት እዚህ ነው ያለው። አንቺ ንኪው።»

«አንቺ ልጁ ነሽ።»

«አንቺ ላጲስ ነሽ።»

እትዬ ላጲስ ማውሱን ያዘች። ስንቱን ሰው እስከ ጫማው ድረስ አንስታለች፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግን የምትጨፍነው ዓይን ነበር። ይህ ዓይን የለውም። ይህ ከሄደ ሄደ። የሴትየዋን ልብ አሰበች፤ ሐሙስን አሰበች። «ይቅር በለኝ» አለችና «ይቀጥል» የሚለውን ነካች።

ቀስቷ ቆመች። ቀጥ።

ፕሮግራሙን ከፈተች። ስሞቹ ሮጡ፣ ሮጡ፣ ያችን ቦታ አለፉ። ግራጫው የሥራ መስኮት፣ ያ የምታውቀው አሮጌ ሜዳ፣ ከፊቷ ተዘረጋ። ፍላሽ አክስቷን አንገቷን አቀፈቻት።

የመምህሩን ፋይል ከፈተች። በስክሪኑ ቀኝ ሌየሮቹ ተደረደሩ። እትዬ ላጲስ ሌየሮቿን በቁጥር ነው የምትጠራቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሰባት። ከሰባቱ በላይ ግን ስምንተኛ ነበረ፤ ቁጥር ሳይሆን ቃል የተጻፈበት። በቃል የሚሰይም አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«እጁ ይቆይ» ይላል። «ለእናቱ።»

የስምንተኛውን ዓይን ጨፈነች፦ ጣቶቹ ጠፉ። የእሷ ሥራ ንጹሕ ነበር፤ ጥላ እንኳ አልረሳችም። ገለጠችው፦ ጣቶቹ ተመለሱ። አጉልታ አየችው። በብዕር ነው የተሠራው፣ ጭረት በጭረት፣ ወደ ቀኝ ከበድ እያለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እሷ ጨርሳ ለምሳ ስትወጣ ወንድሟ ተራውን ተቀምጦ፣ ፎቶውን ያነሳው እሱ ነበርና፣ የሴትየዋን አንገት አይቷል። አንገቷ ወደ ግራ ጥቂት ዘንበል ብሏል፤ ወደዚያ እጅ። እጁ ከሌለ ያ አንገት ወደ ምን ያዘነብላል? መልሶ ሠራው፤ አባትየው እንዳያይ፣ እናትየው እንድታይ አድርጎ። ለእህቱም ትንፍሽ አላለ።

«አታላይ!» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ በእኔ ሲፈረድ!» ሳቀች፣ ሳቋም መሃል ላይ ተሰበረ። ፍላሽ ደግሞ ከኋላዋ ቆማ፣ በአባቷ ዜማ፣ ቀስ ብላ ቤቱን ዘጋችው፤

ሄደ አትበሉኝ፣ መች ሄደ ከቤቱ፣
ወንበሩ ላይ ቀርቷል፣ እስካሁን ሙቀቱ።

ከዚያ እትዬ ላጲስ የሰባተኛውን ዓይን ገለጠች። ወጣቱ ከመጋረጃው ውስጥ ወጣ። ረጅም፣ ጆሮው ወጣ ያለ፣ ሊስቅ ጥቂት የቀረው። ሰውየው ወደ እጁ መጣ።

ከሰዓት በኋላ የታተመውን ፎቶ ይዛ መምህሩ ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ተቀብለው አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት፤ የሆነ ስሌት አልወጣ ያላቸው ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ጆሮው» አሉ። «ጆሮውን ረስቼው ነበር።» መንገድ መርተው ወደ ውስጥ አስገቧት።

ባለቤታቸው አልጋ ላይ በትራስ ተደግፈዋል። ፎቶውን ተቀብለው መጀመሪያ ያዩት ፊቱን አልነበረም። በአውራ ጣታቸው የገዛ ትከሻቸውን ፈለጉ፣ አገኙት፣ ዳበሱት። ከዚያ በኋላ ነው ክንዱን ተከትለው፣ ቀስ እያሉ፣ እስከ ፊቱ የወጡት።

«መጣህ?» አሉ ለፎቶው። ከዚያ ወደ እትዬ ላጲስ ዞሩ። «እጁን አልነካሽውም፣ አይደል ልጄ?»

«አልነካሁትም። እንደነበረ ነው።»

«አመሰግንሻለሁ። አንቺ ባትተይልኝ ኖሮ…»

ዝም ብትል ያምርባት ነበር። ግን የሰው ምስጋና ጨርቅ አይደለም፣ ለብሳው አትሄድ። «እኔ አይደለሁም እትዬ። እኔ አንስቼው ነበር። የመለሰው ወንድሜ ነው፣ ተደብቆኝ።»

ሴትየዋ ፈገግ አሉ። «ያ ፎቶ አንሺው? 'እማማ፣ ትንሽ ቀና' እያለ ያስቀመጠን? ታዲያ ሰላም በይልኝ። ነገ ገብቼ ከወጣሁ ራሴ መጥቼ አመሰግነዋለሁ።»

መምህሩ ከበሩ አጠገብ ሆነው መሬት መሬት አዩ። እትዬ ላጲስ ሻርፗን አስተካከለች።

«እሺ» አለች። «እልልዎታለሁ።»

ስቱዲዮ ስትመለስ ፍላሽ በፊተኛው ክፍል አንድ ሕፃን በሐሰተኛው ሰማይ ፊት አስቀምጣ ታጨበጭብለታለች። እትዬ ላጲስ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባች። ብዕሩ ሽቦው ተጠቅልሎ ሰሌዳው ላይ ተኝቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ በጣቶቿ አነሳችው፤ ካሰበችው ይቀላል። ወደ ቀኙ ወንበር ዞረች።

«ሰላም ብለውሃል» አለችው።

ስክሪኑን አየች። ጠበቀች። ቀስቷ መሃል ላይ፣ እሷ ትታት በሄደችበት ቦታ ላይ፣ አልተነቃነቀችም።